‘ገና አዲስ ይመስላል’፦ የድሬና የሐረር አንባቢዎች ስለ ታይሚንግ ቺንጋ ይጠይቃሉ

በዚህ ወር ከምሥራቅ የመጡት ጥያቄዎች ተነጋግራችሁ የላካችኋቸው ይመስላሉ። ሁሉም ማለት ይቻላል የናፍታ መኪና ታይሚንግ ቺንጋ ላይ ይዞራሉ፣ ማለትም የሞተሩን ቫልቮች በሰዓታቸው በሚያስከፍተውና በሚያዘጋው ባለ ጥርስ የጎማ ቀበቶ ላይ። የቤንዚን ባለመኪናዎች ለዛሬ ታገሱን። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያለሁ፣ ለመካኒኮቻችሁ የተላኩትን ስድቦችም አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ አቦ ሰላም ነው? ዶልፊን ሚኒባስ አለኝ፣ ሞተሩ የቶዮታ 5ኤል ነው። ድሬ–ሐረር እሠራለሁ። ከገዛሁት ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰሞኑን መካኒኬ ለሌላ ሥራ የፊት ክዳኑን ከፍቶ “ታይሚንግ ቺንጋውን ብንቀይረው ይሻላል” አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ አልተሰነጠቀም፣ አልተላላጠም፣ ገና አዲስ ይመስላል። የሸጠልኝም ሰውዬ “በቅርብ ተቀይሯል” ብሎኝ ነበር። መካኒኩ ሥራ ፈልጎ ነው ወይስ እውነቱን ነው?
— የሚኒባስ ባለቤት፣ ሳቢያን

መልስ፦ እውነቱን ነው፣ ቀይረው። ለምን እንደሆነ ግን ልንገርህ። “መካኒኩ ስላለ” የሚለው ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ ሥራ ፍለጋ የሚያስቀይርም አይጠፋም።

የዚህ ቺንጋ ድካም ፊቱ ላይ አይነበብም። አንተ ያየኸው የላዩን ጎማ ነው። ጉልበቱን የሚሸከመው ጎማው ውስጥ የተቀበረው ቀጭን የመስታወት ክር ሲሆን እሱ ሲሳሳ በዓይን አይታይም። ጥርሶቹም ሲያረጁ የሚሰነጠቁት ከሥራቸው ነው። ያን ስንጥቅ ለማየት ቺንጋውን አውጥተህ ወደ ኋላ አጥፈህ ማየት አለብህ፣ አንዴ በኃይል ያጠፍከውን ቺንጋ ደግሞ መልሰህ መግጠም የለብህም፣ ውስጡ ያለው ክር ይጎዳል። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ ማየት የሚነግርህ ክፉውን ብቻ ነው። ከተሰነጠቀ አልቋል፣ ዘይት ከነካው አልቋል። ደህና ከመሰለህ ግን ገና ምንም አላወቅክም።

መለኪያው ኪሎሜትርና ዓመት ነው። ለ5ኤል፣ ለወንድሞቹ ለ2ኤልና ለ3ኤልም ጭምር፣ የተለመደው ገደብ 100,000 ኪሎሜትር ነው። ድሬ–ሐረር ደርሶ መልስ ከ100 ኪሎሜትር በላይ ነው። በቀን አንድ ዙር ብቻ ብትሠራና በሳምንት አንድ ቀን ብታርፍ እንኳ በሦስት ዓመት 100,000 አካባቢ ትደርሳለህ። ሚኒባስ ይዞ በቀን አንድ ዙር የሚሠራ ሰው ደግሞ አላውቅም። የሻጩ “በቅርብ” እውነት ቢሆን እንኳ አሁን በቅርብ መሆኑ ቀርቷል።

መንገድህንም አትርሳ። ከድሬ ስትነሳ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነህ፣ ሐረማያ ስትደርስ 2,000 ገደማ። ይህን ሁሉ ሰውና ጆንያ ጭነህ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በድሬ ሙቀት ነው የምትወጣው። ጎማ ሙቀት ሲደጋገምበት ይደርቃል። በዚህ መንገድ የሚሠራ መኪና የእኔ ቢሆን 100,000ውን አልጠብቅም፣ 80,000 ላይ አወርደዋለሁ። ይህ የፋብሪካ ሕግ አይደለም፣ የራሴ ፍርድ ነው።

ትንሽ ቆይቼ ብቀይረውስ ካልክ፦ ናፍታ ሞተር ካንዴላ ረጭቶ አያቀጣጥልም። እንደ አንተ ያለው አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ጨምቆ በሙቀቱ ብቻ ነው ናፍታውን የሚያነደው። ያን ያህል ለመጨመቅ ፒስተኑ ወደ ላይ ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው፣ ቫልቮቹን ከያዘው የሞተሩ ራስ ጋር፣ ሊነካካ ምንም አይቀረውም። ቫልቮቹ በዚያች ቅጽበት ተዘግተው መገኘት አለባቸው፣ በሰዓቱ የሚያዘጋቸው ደግሞ ይህ ቺንጋ ነው። ሲበጠስ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ባለበት ይቆማል፤ ፒስተኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ፣ ክራንኩ፣ ግን መዞሩን አያቆምም። የተከፈተ ቫልቭ ካለ ፒስተኑ ይመታዋል። ከዚያ የቫልቭ መጣመም፣ የካምሻፍት መሰበር፣ ሲብስም የፒስተን መበሳት ይከተላል። ቴስታታ አውርዶ የሚሠራበትን ዋጋና የአንድ ቺንጋን ዋጋ መለዋወጫ ሱቅ ገብተህ ጠይቅ፤ ቁጥሩን እዚህ የማልጽፈው ደብዳቤህ እስኪታተም ድረስ ስለሚለወጥ ነው።

ስታስቀይር ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘውን መወጠሪያ ኩሽኔታ አብረህ ቀይር። አሮጌውን በጣትህ አዙረው፤ አሸዋ እንደገባበት ከጮኸ ወይም ያለ ምንም ጭነት በነጻነት ከተሽከረከረ ግሪሱ አልቋል ማለት ነው። አዲስ ቺንጋ በአሮጌ ኩሽኔታ ላይ ማስኬድ ገንዘብ መጣል ነው። ከክራንኩና ከካምሻፍቱ ፊት ዘይት የሚያረጥብ የዘይት ማሸጊያ (ሲል) ካለም አሁኑኑ ይቀየር፣ ዘይት ይህን ጎማ አሳብጦ እንዲላላ ያደርገዋል። “ውሃ ፓምፑም የግድ ነው” የሚልህ ካለ ግን ረጋ በል። ያ ምክር ፓምፑን በታይሚንግ ቺንጋ ለሚያዞሩ መኪኖች፣ በተለይ ለብዙ የአውሮፓ መኪኖች ነው። የአንተን ውሃ ፓምፕ የሚያዞረው የውጭው የቬንትሌተር ቺንጋ ነው፤ ካላፈሰሰና ካልተንገዳገደ ተወው።

ሥራው ላይ ቁም። ሻይ ልጠጣ ብለህ አትሂድ። በ5ኤል ላይ ሦስት ምልክቶች አሉ፣ የክራንኩ፣ የካምሻፍቱና የናፍታ ፓምፑ። አንደኛው ፒስተን ወደ ላይ ጫፍ ሲደርስ ሦስቱም በየቦታቸው መግጠም አለባቸው፣ አሮጌው ቺንጋ ከመውጣቱም በፊት። ቺንጋው እንደወጣ የፓምፑ ፑሊ በራሱ ቅጭጭ ብሎ ከምልክቱ ሊሸሽ ይችላል፣ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ነው የሚገፋው። አትደንግጥ፣ መካኒኩ በቁልፍ መልሶ ያመጣዋል። የክራንኩ ፑሊ በመጎተቻ ይውጣ እንጂ በመዶሻ አይደብደብ። አዲሱ ቺንጋ ላይ ቀስት ካለ ሞተሩ ወደሚዞርበት ይግጠም።

አሁን ዋናው ቦታ ደረስን። መወጠሪያው ስፕሪንግ አለው። የመወጠሪያው ብሎን ላላ ይደረጋል፣ ሞተሩ በእጅ፣ በቁልፍ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ወደ መዞሪያው አቅጣጫ ይዞራል፣ ስፕሪንጉ ራሱ የሚበቃውን ያህል ይወጥረዋል፣ ከዚያ ብሎኑ ይጠብቃል። ሁለት ዙር የሆነው ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ስለሚዞር ነው። በመጨረሻ ሦስቱ ምልክቶች እንደገና ይታያሉ። መካኒኩ ካቻቢቴ ሸጉጦ ቺንጋውን “እንዲህ ጠበቅ ይበል” እያለ ሲወጥረው ካየህ አስቁመው፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ኩሽኔታውን ይበላል፣ እሱም ቶሎ ይበጠሳል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከመነካቱ በፊት በእጅ ማዞሩንም አትዝለሉት። የተሳሳተ ነገር ካለ በእጅ ሲዞር ይያዝብሃል፣ ያን ጊዜ ምንም ሳይሰበር ታቆማለህ። በሞተሪኖ ከሆነ የምታውቀው በድምጹ ነው።

ዕቃውን ስትገዛ በካርቶኑ የመጣውን ግዛ። ሚስማር ላይ ተሰቅሎ የድሬ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን፣ ወይም ሱቁ ቦታ ጠቦት በክር ጠቅልሎ ያሰረውን፣ በነጻም ቢሰጡህ አትውሰድ። የተመረተበት ቀን ከተጻፈበት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በል፤ ወደኛ ለመመለስ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንስ፣ አለዚያ አሮጌው ዕቃ አዲስ ይመስልሃል። በመጨረሻም ክዳኑ ላይ ኪሎሜትሩንና ቀኑን በማርከር ጻፍበት። ነገ ከአንተ የሚገዛው ሰው እንደ አንተ አይጨነቅም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የምጽፍልህ ከሐረር ነው። ላንድክሩዘር ሃርድ ቶፕ አለኝ፣ ሞተሩ 1ኤችዜድ ነው ይሉኛል። ቤቴ ጁገል ውስጥ ስለሆነ መኪናዋ ፈረስ መጋላ ነው የምታድረው። በቅርቡ ዳሽቦርዱ ላይ የታይሚንግ ቺንጋ መብራት በርቶ አልጠፋ አለ። አንድ የሰፈር ልጅ “ጋሼ፣ በአሥር ደቂቃ አጠፋልዎታለሁ” አለኝ። ላስጠፋው?
— ጡረተኛ፣ ሐረር

መልስ፦ አባቴ፣ ልጁ አልዋሸዎትም። እውነትም በአሥር ደቂቃ ይጠፋል። ችግሩም እሱ ነው።

ያ መብራት ቺንጋውን አያየውም። ኪሎሜትር ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ 100,000 ሲሞላ ይበራል። የሚጠፋውም እንደ ሞዴሉ ከቆጣሪው ጀርባ ብሎን ቦታ በማቀያየር፣ ወይም ፊቱ ላይ ካለች ትንሽ ቀዳዳ በመጫን፣ በአዳዲሶቹ ደግሞ በኪሎሜትር ቁልፏ ነው። ማንም ክዳኑን ሳይከፍት ማጥፋት ይችላል። ከዚህ በፊት በ100,000፣ ምናልባትም በ200,000 ላይ በርቶ ከነበረ፣ ያጠፋው ሰው ቺንጋውን ቀይሮ ይሁን ብሎን አዙሮ ብቻ፣ ከመብራቱ ማወቅ አይቻልም። መኪና ለመሸጥ ያሰበ ሰው የቱን እንደሚመርጥ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ያስቀይሩ፣ ከዚያ ያስጠፉት። የሞተሩ ክዳን አካባቢ የተጻፈ ቀን ወይም የተለጠፈ ወረቀት ካላገኙ፣ የቀድሞው ባለቤትም ደረሰኝ ካላሳየዎት፣ “አልተቀየረም” ብለው ይነሱ።

ደግነቱ በእርስዎ ሞተር ሥራው ቀላል ነው። በ1ኤችዜድ ከክራንኩ ወደ ናፍታ ፓምፑ ያለው በብረት ጥርስ ነው የሚዞረው፤ ቺንጋው ከዚያ ወደ ላይ ካምሻፍቱን ብቻ የሚያያይዝ አጭር ነገር ነው። የክራንክ ፑሊ ማውለቅ አያስፈልግም። ክዳኑ ይከፈታል፣ ምልክቱ ይገጥማል፣ መወጠሪያው ይላላል፣ ቺንጋው ይለወጣል፣ መወጠሪያ ኩሽኔታውም አብሮ። “ሞተሩ ካልወረደ” ወይም “ሦስት ቀን ካላደረ” የሚል ጋራዥ ካጋጠመዎት ምርቃት ሰጥተው ወደ ሌላው ይለፉ።

ጥያቄ፦ የሐረር ፔጆ 404 ታክሲዎች ታይሚንግ ቺንጋቸውን ቀይረው ያውቃሉ? ከውርርድ ነው፣ በሁለት በርጫ።
— ሁለት ጓደኛሞች፣ አወዳይ

መልስ፦ አልቀየሩም፣ የላቸውምና። የ404 ሞተር በሰንሰለት ነው የሚሠራው። በርጫው ለማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሌሎች ግን ለመኪናቸው ብለው ይህን ቢያነቡት አይጎዳም። የኒሳን ቲዲ27 እና ቲዲ42 በጥርስ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ የመጡት አዲሶቹ የሃይሉክስ ናፍታዎች፣ 1ጂዲ እና 2ጂዲ፣ ሰንሰለት ናቸው። ከነሱ በፊት የነበሩት 1ኬዲ እና 2ኬዲ ግን ቺንጋ አላቸው፤ ለነሱ በመጽሐፋቸው እስከ 150,000 ኪሎሜትር የተጻፈበት አለ። የሞተሩን ዓይነት ከሊብሬያችሁ ላይ፣ ከሞተር ቁጥሩ መጀመሪያ ታገኙታላችሁ። ሰንሰለት አለኝ ብሎ ዘይት መቀየር የሚረሳ ሰውም አለ። ሰንሰለት በዘይት ነው የሚኖረው፣ ቆሻሻ ዘይት ያረዝመዋል፣ ከዚያ እሱም ይጮሃል።

ጥያቄ፦ ሚትሱቢሺ ኤል200 አለኝ፣ 4ዲ56። ባለፈው ወንድሜ ከሐረር ሲመጣ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ድንገት ጠፋበት። ፍሬኑ ድንጋይ ሆነብኝ ይላል፣ በስንት መከራ ዳር ይዞ አቆመው። ሞተሪኖ ሲሰጠው ሞተሩ ከወትሮው ቀለል ብሎ ፈጥኖ ይዞራል፣ አይነሳም። የደረሱለት ሹፌሮች “በገመድ ጎትተን እናስነሳው” ሲሉ እሱ እምቢ አለ። አሁን ጋራዥ ቆሟል። ሞተሩ አለቀ?
— ነጋዴ፣ መጋላ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ወንድምሽ ተረፈ። እምቢ በማለቱም ብዙ ገንዘብ አትርፎልሻል። ናፍታ ሞተር ድንገት ጠፍቶ፣ ከዚያ ሞተሪኖው ያለ ወትሮው ቀሎትና ፈጥኖ ካዞረው፣ ቺንጋው ተበጥሷል ወይም ጥርሱ ተላጭቷል ብሎ መጠርጠር ነው። ቫልቮቹ ስለማይሠሩ መጨመቂያ የለም፣ ለዚያ ነው የሚቀለው። ያን ሞተር ማርሽ አስገብቶ በገመድ መጎተት ያልተሰበረውን መስበር ነው። ሞተሪኖውንም ደጋግሞ መስጠት ያው ነው።

ስለ ፍሬኑ ደግሞ ለሌሎችም ልበል፣ ይሄ ከሞተሩ ይበልጣል። ፍሬንሽን ቀላል የሚያደርገው ሰርቮ የሚሠራው በሞተሩ የሚዞር ፓምፕ አየሩን ከውስጡ ሲስብለት ነው፣ ፓምፑም በ4ዲ56 ከዲናሞው ጀርባ ያለው ነው። ሞተሩ መዞር ካቆመ ሰርቮው ውስጥ የቀረው የመሳብ ኃይል ለጥቂት እርግጫ ብቻ ይበቃል። መሪውም ይከብዳል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ከጠፋባችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ አትምቱ፣ አንዴ ርገጡና ያዙ፣ በሙሉ ጉልበት። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። “ፍሪሲዮን ብረግጥ ሞተሩ ይተርፋል” የሚል ሐሳብ ይመጣል፣ እውነትም ነው፣ ሜዳ ላይ ከሆናችሁ አድርጉት። ደንገጎ ላይ ግን ማርሹ ውስጥ ተዉት፤ መኪናው እንዲይዝላችሁ፣ ጎማው ክራንኩን እያዞረ የሰርቮውንም ፓምፕ እንዲያዞርላችሁ። ቫልቭ ይገዛል።

ወደ ሞተርሽ ስመለስ፣ አለቀ ማለት መቸኮል ነው። 4ዲ56 አንድ የሚያስመሰግነው ነገር አለ፦ ሲበጠስ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰበሩት ከቫልቮቹ በላይ ያሉት ሮከሮች ናቸው። እነሱ ተሰብረው ቫልቮቹን ያተርፉበታል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። መካኒኩ ቴስታታውን ከማውረዱ በፊት የላይኛውን ክዳን ብቻ ይክፈትና ሮከሮቹንና ካምሻፍቱን ይይ። የተሰበረውን ቀይሮ፣ አዲስ ቺንጋ በምልክቱ ገጥሞ፣ በእጅ አዙሮ፣ የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን ይለካ። አራቱም ተቀራራቢና ደህና ከሆኑ ዳንሽ። አንዱ ወይም ሁለቱ ከወደቁ ቴስታታው መውረዱ የግድ ነው፣ ያን ጊዜ አትከራከሪ።

አንድ ነገር አጥብቀሽ ጠይቂ፣ ስንት ቺንጋ ነው የሚገጠመው? ይህ ሞተር ሁለት አለው። ትልቁ ታይሚንጉ ነው፣ ትንሹ ሞተሩ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርጉትን ዘንጎች የሚያዞር ነው። ትንሹ ከትልቁ ኋላ ስለሆነ ሰነፍ መካኒክ ሳይነካው ያልፋል። ሲበጠስ ግን ቁራጩ ትልቁ ውስጥ ይገባና ይዞት ይሄዳል። የአንቺም በዚህ መንገድ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ ሲከፈት ቁርጥራጩን ሰብስበው ያሳዩሽ፤ የሁለት ቺንጋ ቁራጭ ከሆነ ነገሩ ከየት እንደጀመረ ትጠረጥሪያለሽ። ሁለቱም ከነመወጠሪያዎቻቸው ይቀየሩ።

ጥያቄ፦ አቦ፣ የ3ኤል ፒክአፕ ቺንጋ አስቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ሲነሳም ነጭ ጭስ ይለቃል፣ ዳገት ላይ ጉልበት የለውም። መልሼ ብወስደው መካኒኩ ናፍታ ፓምፑን ፈታ አድርጎ ትንሽ አዞረው፣ ትንሽ ተሻለው። “አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል” አለኝ። ይለምዳል?
— ከሽንሌ

መልስ፦ አይለምድም። ቺንጋ እንደ ጫማ አይደለም፣ ሲሄድ አይመቸውም።

ከመቀየሩ በፊት ደህና ከነበረ አንድ ጥርስ አልፏል፣ ምናልባት በፓምፑ በኩል። ናፍታው ሲዘገይ ሳይነድ ይወጣል፣ ነጩ ጭስ እሱ ነው፣ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። ቢቀድም ኖሮ ሞተሩ እንደ መዶሻ ይደበድብ ነበር። መካኒክህ ፓምፑን ከማሰሪያው ፈታ አድርጎ ያዞረው የዘለለውን ጥርስ ለመሸፈን ይመስላል። ፓምፑ በዚያ የሚንቀሳቀሰው ለጥቃቅን ማስተካከያ ነው፣ የሙሉ ጥርስ ስህተት እዚያ አይታረምም። የዘለለው ካምሻፍቱ ከሆነ ደግሞ ቫልቭና ፒስተን ይበልጥ ተቀራርበው እየሠሩ ነው።

ጭነት አትጫንበት። ሌላ መካኒክ ጋ ውሰደውና ይህን ብቻ በለው፦ ክዳኑን ክፈት፣ አንደኛውን ፒስተን ወደ ላይ አምጣ፣ ሦስቱን ምልክቶች አሳየኝ። የፋብሪካውን ምልክት ነው ያልኩት። አንዳንዶች አሮጌው ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርገው፣ ጥርስ ቆጥረው ወደ አዲሱ ይገለብጣሉ። ለማመሳከሪያ ጥሩ ዘዴ ነው፣ አሮጌው ራሱ የዘለለ ከነበረ ግን ስህተቱን በጥንቃቄ ገለበጥክ ማለት ነው። ምልክቶቹ ከገጠሙ በኋላ ፓምፑም ወደ ድሮ ቦታው ይመለስ፣ ማሰሪያውና ሞተሩ ላይ የተሰመረ መስመር አለ፣ ሁለቱ መጋጠም አለባቸው። ሦስቱም ገጥመው ነጩ ጭስ ጠዋት ጠዋት ብቻ ከቀረ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን አስፈትሽ።